ኪንድል አመለጠን፣ ስልክ ተቀበለን

(በአንድ የንባብ ክበብ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ ተስተካክሏል)

እንደምን ዋላችሁ። ቅዳሜ ከሰዓታችሁን ለመጽሐፍ ወሬ የሰጣችሁ ሰዎች ናችሁና መጀመሪያ አክብሮቴን ተቀበሉኝ። ሥራዬ ሌይአውት ነው። ደራሲው የጻፈውን ተቀብዬ፣ ገጽ አውጥቼ፣ ለማተሚያ ቤት አሰናድቼ እሰጣለሁ። ስለዚህ ስለ ንባብ ሳወራ ትንሽ ከጓዳ በኩል ነው የማወራው።

የተሰጠኝ ርዕስ የኤሌክትሮኒክ ማንበቢያዎች የንባብ ልማዳችንን እንዴት እየለወጡት ነው የሚል ነው። ይህ ጉዳይ ሲነሳ አዳራሹ ወዲያው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን «ንባብ ሞተ፣ ልጆቹ ስልክ ላይ ተደፍተው ቀሩ» ይላል። ሌላው «ዓለም ተለውጧል፣ ወረቀት ወረቀት አትበሉብን» ይላል። ሁለቱም ስለ አንድ ዕቃ የሚያወሩ ይመስላቸዋል። ዕቃዎቹ ግን ሁለት ናቸው። አንዱ ለማንበብ ብቻ የተሠራ ነው። ሌላው ለሁሉም ነገር ተሠርቶ ንባብ በጎን የገባበት ነው። የመጀመሪያው የሌላውን ዓለም አንባቢ ለወጠ። እኛን የአማርኛ አንባቢዎችን የለወጠን ሁለተኛው ነው። ዛሬ የማወራው በዋናነት ስለዚህ ልዩነት ነው።

ከመጀመሪያው እንነሳ። የኢንተርኔት ሱቁ አማዞን ኪንድል የሚባለውን የመጽሐፍ ማንበቢያ ገበያ ላይ ያወጣው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2007 ነው። ዋጋው 399 ዶላር ነበር። የቀረበው ሁሉ በአምስት ሰዓት ተኩል ውስጥ ተሽጦ አለቀ። ቀዳሚው እሱ አልነበረም። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2004 ጃፓን ውስጥ ተመሳሳይ ዕቃ አውጥቶ ነበር፤ ብዙም አልሄደለትም። የአማዞን ብልሃት ሱቁን ዕቃው ውስጥ መክተቱ ነው። ኪንድል ከኮምፒውተር ጋር በገመድ መገናኘት ሳያስፈልገው በሞባይል ኔትወርክ መጽሐፍ ያወርድ ነበር። ሰውዬው አልጋው ላይ እንደተጋደመ፣ እኩለ ሌሊት ላይ መጽሐፍ ይገዛል፤ ከደቂቃ በኋላ ያነባል።

ስክሪኑን ጠጋ ብለን እንየው፤ ብዙ ነገር የሚመጣው ከሱ ነውና። ቴክኖሎጂው የተጀመረው አሜሪካ ውስጥ በኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ሚዲያ ላብ ነው። ኢ-ኢንክ የሚባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1997 ተቋቁሞ ለገበያ አበቃው። ከመስታወቱ ስር እጅግ ጥቃቅን እንክብሎች ተደርድረዋል። በእያንዳንዱ ውስጥ ነጭና ጥቁር ብናኞች ፈሳሽ ላይ ይንሳፈፋሉ። ነጩና ጥቁሩ የያዙት የኤሌክትሪክ ቻርጅ ተቃራኒ ነው። ከስር ኤሌክትሪክ ሲላክ ፊደል በሚሆንበት ቦታ ጥቁሩ ወደ ላይ ይወጣል፣ ነጩ ወደ ታች ይወርዳል። አንዴ ቦታቸውን ከያዙ በኋላ እዚያው ለመቆየት ኤሌክትሪክ አይፈልጉም። ባትሪው በዋናነት የሚሠራው ገጽ ሲገለጥ ነው። አንዴ ቻርጅ ተደርጎ ለሳምንታት የሚቆየው ለዚህ ነው። መብራት ሄዶ ሲያድር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ መንገር የለብኝም። ቀትር ላይ በረንዳ ተቀምጣችሁም እንደ ወረቀት ታነቡታላችሁ። ስልክ ቀትር ላይ መስታወት ነው፤ የምታዩት የራሳችሁን ፊት ነው።

ይህ ዕቃ አንባቢውን ምን አደረገው? ለእኔ ትልቁ ለውጥ የፊደል መጠን ነው። ብዙ ሰው ተራ ነገር ይመስለዋል። እኔ አንድ መጽሐፍ ሳሰናዳ ከደራሲው ጋር በመጀመሪያ የምከራከረው በዚህ ነው። ፊደሉን ከ11 ፖይንት ወደ 12 ባሳድገው 240 ገጽ የነበረው መጽሐፍ 280ን ያልፋል። ወረቀት ጨመረ፣ ቀለም ጨመረ፣ ዋጋ ጨመረ ማለት ነው። ደራሲው «በቃ 11 ይሁን፣ እንዲያውም ትንሽ ጠበብ አድርገው» ይለኛል። በዚያች ውሳኔ ዓይናቸው የደከመ አባቶችና እናቶች ከመጽሐፉ ተሰናበቱ። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም፤ የወረቀት ሒሳብ ነው። ኪንድል ላይ ይህ ሒሳብ የለም። ያው መጽሐፍ ለሃያ ዓመት ልጅም ለሰማንያ ዓመት አዛውንትም በየልካቸው ይሰፋል።

ሌላው ሽፋን ነው። አውቶቡስ ውስጥ ማን ምን እንደሚያነብ አይታይም። የፍቅር ልቦለድ አንባቢዎች ከማንም ቀድመው ወደ ኢ-መጽሐፍ ከሄዱት መካከል የሆኑት በዚህም ጭምር ነው። ቃል ሲከብዳችሁ በጣት ነካ ስታደርጉት መዝገበ ቃላት ይከፈታል። ገጽ ቁጥርም ትርጉሙን ያጣል። ፊደሉ ሲሰፋ ገጹ ስለሚበዛ ዕቃው የሚነግራችሁ በመቶኛ ነው። «38 በመቶ ላይ ነኝ፤ ይህን ምዕራፍ ለመጨረስ 14 ደቂቃ ቀርቶኛል» የሚል አንባቢ ተፈጠረ። እኔ ይህን አልወደውም። የቀረኝን ደቂቃ እያየሁ ሳነብ ታሪኩን ትቼ መጨረሱ ላይ አተኩራለሁ። ደግነቱ ማጥፋት ይቻላል።

ከዚያ ደግሞ ዕቃው ራሱ አንባቢውን ማንበብ ጀመረ። አንባቢዎች የሚያሰምሩባቸውን ዓረፍተ ነገሮች አማዞን ሰብስቦ ያሳያል። ጆርዳን ኤለንበርግ የሚባል አሜሪካዊ የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ2014 በዚህ ተጫወተበት። በብዛት የተሰመረባቸው ቦታዎች መጽሐፉ መጀመሪያ ላይ ከታጨቁ፣ ሰው ከዚያ አልዘለለም ማለት ነው ብሎ አሰላ። መለኪያውን በፊዚክስ ሊቁ በስቲቨን ሆኪንግ ስም ሰየመው፤ ሁሉም ገዝቶ ማንም አልጨረሰውም እየተባለ የሚቀለድበት መጽሐፍ የሱ ነውና። የሆኪንግ መጽሐፍ 6.6 በመቶ አገኘ፤ አንባቢው የደረሰው እዚያ ድረስ ነው እንደማለት። ኢኮኖሚስቱ ቶማ ፒኬቲ ስለ ካፒታል የጻፈው ወፍራም መጽሐፍ ደግሞ 2.4 በመቶ! ኤለንበርግ ራሱ ጨዋታ ነው ብሏል፣ እንደ ጥናት አትያዙት። ግን አስቡት። መደርደሪያ ላይ የተሰለፉ ያልተነበቡ መጻሕፍት የባለቤታቸውን ምስጢር ይጠብቁ ነበር። አሁን ሳሎናችን ውስጥ የማናውቀው ታዛቢ ተቀምጧል።

የባለቤትነቱም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 ክረምት አማዞን ሰዎች የገዟቸውን ሁለት መጻሕፍት ከየኪንድላቸው ላይ ከርቀት አጠፋ። የሸጠው ወገን መብቱ አልነበረውም የሚል ምክንያት ነበረው፤ ገንዘቡንም መለሰ። መጽሐፎቹ የጆርጅ ኦርዌል ነበሩ። አንደኛው፣ መንግሥት ያልፈለገውን ጽሑፍ ስለሚደመስስበት ዓለም የሚተርከው «1984» ነው። ይህን ቀልደኛ ሰው ቢፈጥረው አጋነነ እንለው ነበር። የያኔው የአማዞን ኃላፊ ጄፍ ቤዞስ በይፋ ይቅርታ ጠየቀ። ሰው ግን አንድ ነገር ገባው። ኢ-መጽሐፍ ስትገዛ የምትገዛው የማንበብ ፈቃድ ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ሆኖ ወረቀት ጠፋ? አልጠፋም። የአሜሪካው ፒው የምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ አሜሪካውያን አዋቂዎችን ጠይቆ ነበር። ባለፉት 12 ወራት የወረቀት መጽሐፍ ያነበቡት 65 በመቶ ሆኑ። ኢ-መጽሐፍ ያነበቡት 30 በመቶ፣ የድምፅ መጽሐፍ ያዳመጡት 23 በመቶ ናቸው። ኪንድል ከወጣ 13 ዓመት አልፎ ወረቀት አሁንም ይመራል። ሲሶ ያህሉ ሰው ወረቀቱንም ዲጂታሉንም ይይዛል።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ።

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ኪንድል ከመወለዱ ስምንት ዓመት በፊት መሆኑ ነው። ኮምፒውተሮች ፊደላችንን የሚያውቁበት ዓለም አቀፍ ቁጥር ነበረን፤ ሰበብ አልነበረም። ኪንድል ሲመጣ ግን የኛ ፎንት የለውም። አማርኛ ፋይል ስትከፍቱበት ባዶ ሳጥኖች ተሰልፈው ያዩአችኋል። አማዞን ደራሲዎች ራሳቸው ኢ-መጽሐፍ የሚያሳትሙበት አገልግሎት ሲከፍትም ከሚደግፋቸው ቋንቋዎች ዝርዝር ውስጥ አማርኛ አልገባም። በዚያ ላይ አገር ቤት ያለው አንባቢ አብዛኛው በዶላር የሚከፍልበት ካርድ የለውም። እንዲህ ሆነን ኪንድል አመለጠን።

ስልክ ግን ተቀበለን። እ.ኤ.አ. ከ2010 በኋላ በነበሩት ዓመታት አንድሮይድ ስልኮች ምንም ሳይጫንባቸው ግዕዝ ፊደል ማሳየት ጀመሩ። ዋጋቸው ወረደ፣ የሞባይል ኢንተርኔት ተዳረሰ። ከዚያ ቴሌግራም መጣ። ትልቅ ፋይል ያለ ችግር ይልካል፣ ቻናሉ ለስንትም ሰው ይበቃል። የአማርኛ አንባቢ ትልቁ ቤተ መጻሕፍት እዚያ ተከፈተ። ማንም አልመረቀውም፣ ሪባን አልተቆረጠለትም፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛም የለውም።

በዚህ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ንባብ ምን ይመስላል? አንድ ልጅ ታክሲ ውስጥ ከጎናችሁ ተቀምጦ ሲያነብ እዩት። የከፈተው ፒዲኤፍ ነው። መጽሐፉ አንድ ሰው ቤት ውስጥ ተገልጦ፣ በስልክ ካሜራ ሁለት ሁለት ገጽ እየተደረገ ተነሥቷል። ጥግ ላይ የአንሺው አውራ ጣት አለ። መሀሉ፣ ገጾቹ የሚሰፉበት ቦታ፣ ጥላ ወድቆበታል፤ ከየመስመሩ መጨረሻ ሁለት ፊደል በልቷል። ልጁ በሁለት ጣት ይለጥጠዋል። አሁን ፊደሉ ታየ፣ መስመሩ ግን ከስክሪኑ ወጣ። ወደ ቀኝ ይጎትተዋል፣ ያነባል። ወደ ግራ ይመልሰዋል፣ ቀጣዩን መስመር ይፈልጋል። አንዳንዴ ያነበበውን መስመር ደግሞ ያነባል። «ሱ» ይሁን «ሲ» በግምት ይለፍ። ገጹን ለማስታወስ ስክሪንሹት ያነሣል። ታክሲው ጎርበጥ ባለ ቁጥር ሁሉም ከእንደገና።

ይህ ልጅ አያነብም የሚል ሰው ካለ ይምጣና እኔን ያነጋግረኝ። በዚህ ሁኔታ 300 ገጽ የሚጨርስ ሰው ከኔ በላይ አንባቢ ነው። ችግሩ ልጁ ጋ የለም።

ችግሩ እኛ ጋ ነው፤ ፒዲኤፍ ስካን ባይሆንም እንኳ። ፒዲኤፍ የተፈጠረው ወረቀት ላይ የሚወጣው ገጽ እንዳለ እንዲቀመጥ ነው። የትም ብትከፍቱት ቅርጹን አይለቅም። ለማተሚያ ቤት ግሩም ነገር ነው። ስድስት ኢንች ለሆነ ስክሪን ግን ቅጣት ነው። በዚያ ላይ የአማርኛ መጽሐፍ ለረጅም ዘመን የተለቀመው በፓወር ግዕዝና በመሰሎቹ ነው፤ አሁንም የሚጠቀሙባቸው አሉ። እነዚህ ፎንቶች ዩኒኮድ ሳይስፋፋ የተሠሩ ናቸው። ከላይ ስታዩት «አበበ» ይላል። ከስር ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የላቲን ፊደላትና የምልክቶች ድብልቅልቅ ነው። ኮፒ አድርጋችሁ ሌላ ቦታ ስትለጥፉት ጉዱ ይወጣል። ስለዚህ ፋይሉ ውስጥ ቃል መፈለግ አይቻልም፣ ፊደሉን ማስፋት አይቻልም፣ ድምፅ አውጥቶ የሚያነብ ፕሮግራም ሊያነበው አይችልም። ዓይነ ስውር አንባቢ በዚህ ምክንያት ከደጅ ይመለሳል።

ሌላው የስልክ ጠባይ፣ ብቻችሁን አይተዋችሁም። ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ዛፍ ሥር ቆሞ ከስልኩ ላይ ዳዊት የሚደግም ወጣት ማየት ብርቅ አይደለም። ቁርኣንም እንደዚያው። ጥሩ ነው፤ ኪስ ውስጥ ስለሚገባ የትም ይደገማል። ግን «ፍካሬ ዘጻድቃን ወዘኃጥኣን» ብሎ ሲጀምር ከላይ «ሒሳብዎ ላይ 1,500 ብር ገቢ ሆኗል» የሚል መልእክት ብቅ ይላል። ልቡ የት ሄደ? ከዚያ ወዲያ ያለው መዝሙር ምን ላይ እየታሰበ እንደሚደገም እናውቃለን። የኪንድል ሰው ይህ ፈተና የለበትም። ዕቃው ላይ ከንባብ በቀር የሚሠራ ነገር የለማ።

ስለ አጻጻፋችንም ላውራ። ስልክ አንባቢውን ብቻ ሳይሆን ጸሐፊውንም ይለውጣል። ጃፓን ይህን ከኛ በፊት አይታዋለች። እዚያ ወጣት ሴቶች በሞባይል ስልካቸው ልቦለድ እየጻፉ በየክፍሉ ይለቁ ነበር። ዓረፍተ ነገሩ አጭር፣ ንግግር የበዛበት፣ ባዶ ቦታ የበዛበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ጃፓን ውስጥ በሽያጭ ከመሩት አሥር ልቦለዶች አምስቱ መነሻቸው የሞባይል ስልክ ነበር። ከስልክ ወጥተው ወረቀት ላይ ታትመው ማለቴ ነው።

የኛ ቴሌግራምና ፌስቡክ ላይ ያለው ልቦለድ የዚህ የሥጋ ዘመድ ነው። «ክፍል 17» ይላል። ሁለት መቶ ሦስት መቶ ቃል ታነባላችሁ። ልክ በሩ ሲንኳኳ፣ ልክ ደብዳቤው ሲከፈት ይቆማል። ከስር «ክፍል 18 እንዲለቀቅ 500 ላይክ» ይላችኋል። ዋጋው ላይክ ነው። ጋዜጦችና መጽሔቶችም ተከታታይ ልቦለድ ያትሙ ነበር፣ አዲስ አይደለም። አዲሱ ነገር፣ አንባቢው አስተያየት መስጫው ላይ «እሷን ብትገላት አላነብም» ይላል፤ ጸሐፊው ደግሞ አይገላትም። ጥሩ ሥራ ከዚያ አይወጣም አልልም። ግን በየሦስት መቶው ቃል ጩኸት ማስነሣት ያለበት ታሪክ ዝግ ብሎ የሚሄድ ገጸ ባሕርይ አይችልም። ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ለላይክ ቢጽፉት ኖሮ ከፊታውራሪ መሸሻ ዝርዝር ጠባይ ስንቱ ይቆረጥ ነበር?

ይህን መጽሐፍ ካነሳሁ አይቀር፣ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ እንደተረከው ታስታውሳላችሁ፤ ያልደረሳችሁም ከዩቲዩብ ሰምታችሁታል። ያልተማረውም የተማረውም ሬዲዮ ዙሪያ ኮልኮል ብሎ ሰማ። እንዲያውም ብዙ ሰው መጽሐፉን አነበብኩ ሲል በወጋየሁ ድምፅ ሰማሁ ማለቱ ነው። ስለዚህ የድምፅ መጽሐፍ ሲመጣ ምዕራባውያን አዲስ ነገር አገኘን አሉ፤ እኛ ወደ ቤታችን ተመለስን። ዛሬ ትረካ የሚሰማው ሰው ብዛቱ ያስገርማል። መኪና የሚነዳው፣ ወጥ የምትሠራው፣ ጥበቃ ላይ የሚያድረው። ቤይሩት ወይም ሪያድ በሰው ቤት የምትሠራ እህታችንን አስቡ። ቁጭ ብላ መጽሐፍ የምትገልጥበት ሰዓት የላትም። ጆሮዋ ግን ነፃ ነው። ልብስ እየተኮሰች ሦስት መቶ ገጽ ትጨርሳለች። ይህ ንባብ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ክርክር ለኔ ቅንጦት ነው። ታሪኩን ጨርሳዋለች፣ ስለ ገጸ ባሕርዩ ትከራከራችኋለች። ምን ቀረ?

ውጭ አገር ላለው ወገናችንም ነገሩ ከምቾት ያለፈ ነው። የአማርኛ መጽሐፍ ውቅያኖስ የሚሻገረው በብዛት በሰው ሻንጣ ነው። በርበሬው፣ ሽሮው፣ ድርቆሹ ከተጫነ በኋላ ኪሎ ከተረፈ መጽሐፍ ይገባል። ዋሽንግተን አካባቢ ላለ ሰው ቢያንስ የሐበሻ ሱቅ አለ። ጀርመን ውስጥ አነስተኛ ከተማ ላለው ግን ያቺ አውራ ጣት የታየችበት ስካን ብቸኛዋ መንገድ ነች።

ርቀትን በማሳጠር በኩል አንድ በደንብ የተሠራ ነገር ላንሳ። እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተጀመረ። ከአገር ቤት ተቋማት ጋር የሠራው ሚኒሶታ የሚገኘው የዛሬው ሂል ቤተ መዘክርና የብራና ቤተ መጻሕፍት ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ ብራናዎች ተነሡ። ነፍሳቸውን ይማርና ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን እዚያ ተቀምጠው እነዚህን መጻሕፍት አንድ በአንድ እያዩ ዘረዘሯቸው። ያኔ አንድ ተመራማሪ ፊልሙን ለማየት አገር ማቋረጥ ነበረበት። ዛሬ በኢንተርኔት በነፃ ተመዝግቦ፣ ጎንደር ካፌ ውስጥ ተቀምጦ፣ በስልኩ የብራናውን የኅዳግ ማስታወሻ አጉልቶ ያነባል። ስካን ማለት እንዲህ ነው። መብራቱ የተስተካከለ፣ ገጹ የተቆጠረ፣ ባለቤቱ የተጻፈበት።

ጥናቶቹ ምን ይላሉ የሚል ጥያቄ እንደሚመጣ ስለማውቅ ቶሎ ልበል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ግምገማ 54 ጥናቶችን ሰብስቦ ነበር። በጥናቶቹ የተሳተፉት ሰዎች ከ170,000 በላይ ናቸው። ትምህርታዊና መረጃ የበዛበት ጽሑፍ ከስክሪን ይልቅ ከወረቀት ሲነበብ የተሻለ ይገባል፤ በተለይ ሰዓት ሲጣበብ። ልቦለድና ትረካ ላይ ግን ልዩነት አልታየም። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ የኖርዌይዋ ተመራማሪ አን ማንገን ከባልደረቦቿ ጋር ሆና 50 ሰዎችን አንድ ረዘም ያለ ታሪክ አስነበበች። ግማሾቹ በወረቀት፣ ግማሾቹ በኪንድል። በአብዛኛው ጥያቄ እኩል ሆኑ። የቱ ክስተት ከየቱ ቀደመ ሲባል ግን የወረቀቶቹ በለጡ። ወረቀት ስታነቡ በግራ እጃችሁ ያለው እየወፈረ፣ በቀኝ ያለው እየሳሳ ይሄዳል። እጃችሁ ታሪኩ የት እንደደረሰ ይቆጥርላችኋል። ተመራማሪዎቹም ወደዚህ ያደላሉ፤ ለኔም እንደዚያ ይመስለኛል።

ማታ ማንበብን በተመለከተ፣ ሀርቫርድ አካባቢ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ የወጣ ጥናት አለ። 12 ሰዎችን ብቻ ነው ያየው። ከመኝታ በፊት ብርሃን ከሚረጭ ታብሌት ያነበቡት ከወረቀት ካነበቡት ይልቅ እንቅልፍ ለመተኛት አሥር ደቂቃ ያህል ዘገዩ፤ ጠዋትም ንቃታቸው ቀንሶ ነበር። ተራው የኢ-ኢንክ ስክሪን በዚህ ጥናት አልተከሰሰም።

አሁን ወደ ገንዘብ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ደራሲዎች እንዳላችሁ አይቻለሁ፣ ፊታችሁም ስለ ቴሌግራም ሳወድስ ጠቁሯል። እውነታችሁን ነው። አንድ ደራሲ ዛሬ መጽሐፍ የሚያሳትመው ከኪሱ አውጥቶ ወይም ተበድሮ ነው። ወረቀት የሚመጣው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ብር በወደቀ ቁጥር የኅትመት ዋጋ ይነሣል። ሁለት ሦስት ሺህ ኮፒ አሳትሞ፣ አከፋፋዩ ድርሻውን ወስዶ፣ ገና ያወጣውን ሳይመልስ መጽሐፉ ቻናል ላይ ነው። ሕግ የለም እንዳትሉ፣ አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲው ሕይወቱን ሙሉ፣ ከሞተም በኋላ ለወራሾቹ 50 ዓመት መብት ይሰጣል። አንድ ቻናል ሲዘጋ ግን በማግሥቱ በሌላ ስም ይከፈታል። በሕግ ብቻ የሚያዝ አይመስለኝም።

የኔ ሐሳብ ከሙያዬ የሚነሣ ነው። አራት ኪሎ ጋዜጣ በኪራይ ይነበብ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። በጥቂት ሳንቲም ተከራይተህ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠህ አንብበህ ትመልሳለህ። መጽሐፍም በየሰፈሩ ይከራይ ነበር። አንባቢያችን መክፈል ያውቃል፤ ከፍሎ አያውቅም የሚለው ሐሜት ነው። የሚከፈልበት ነገር ግን አልቀረበለትም። ሌባው የሚያቀርበው ስካን ነው፣ ባለቤቱ የሚያቀርበው ምንም ነው። ባለቤቱ ጥሩ አድርጎ ቢያቀርብስ? ፊደሉ የሚሰፋ፣ ቃል የሚፈለግበት፣ ስልክ ላይ መስመሩ ራሱን የሚያስተካክል ፋይል፣ ከወረቀቱ ዋጋ ባነሰ፣ በቴሌብር የሚከፈል። እንዲህ ያለ አገልግሎት የጀመሩ የአገር ውስጥ አፖች አሉ፤ መጻሕፍታቸው ግን ገና ጥቂት ነው። ስለዚህ ደራሲዎች፣ ለሌይአውት ስትሰጡ ሁለት ነገር ጠይቁ። ጽሑፉ በዩኒኮድ ይሠራ። ከፒዲኤፉ ጋር ኢፐብ የሚባለው፣ ፊደሉ እንደ ስክሪኑ የሚሰፋው ፋይልም ይውጣላችሁ። ሥራችን ከመጀመሪያው በሥርዓት ከተያዘ ኢፐቡ ብዙ ቀን የሚፈጅ ነገር አይደለም። እኔ ካልተጠየቅኩ አላወጣም፤ ማንም ካልተጠየቀ አያወጣም።

ሰዓቴ ስላለቀ አንድ ጥያቄ ብቻ ልመልስ። እዚያ ጋ የተቀመጡት እናት «ልጄ ከአሜሪካ ኪንድል ልላክልሽ ይለኛል፣ አማርኛ ካላነበበልኝ ምን ያደርግልኛል?» ብለዋል። እማማ፣ ይላክልዎ። እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ አዳዲሶቹ ኪንድሎች የራስዎን ፎንት እንዲጭኑባቸው ይፈቅዳሉ። ልጅዎ ከመላኩ በፊት በገመድ ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ፣ አቢሲኒካ ወይም ኖቶ የሚባለውን ነፃ የግዕዝ ፎንት «ፎንትስ» የሚለው ፎልደር ውስጥ ይክተተው። ከዚያ ኢፐብ ፋይል ይላክበት፤ ፊደሉን የሚያስተካክሉበት ቦታ ገብተው ያንን ፎንት ይምረጡ። ሜኑው እንግሊዝኛ እንደሆነ ይቀራል። መዝገበ ቃላቱ አማርኛ አያውቅም። ስካን ፒዲኤፍ ከሆነ ደግሞ ከስልክም ይብሳል፣ እሱን አይሞክሩት። ኢፐብ ከሆነ ግን ፊደሉን የፈለጉትን ያህል ያሳድጉትና ያለ መነጽር ይሞክሩት።